ሚዛኑና ጥቅሱ፦ በድሬዳዋ ከዚራ ስላለ አንድ የባልትና ሱቅ

በድሬዳዋ ከዚራ፣ ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ሚጥሚጣ እያዘጋጀ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ የባልትና ሱቅ አለ። በርበሬው በዚህ ከተማ ገዝቼ ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጣል፤ ሽሮው ጥሩ ነው፤ በሶው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ሚጥሚጣውን ግን ለማንም አልመክርም። ጉዳዩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግምገማው እዚሁ ላይ ባለቀ ነበር። ይሁን እንጂ ሱቁ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አትሞ የሚሸጥ፣ ዋጋ ሲተምንም ሆነ ትእዛዝ ሲቀበል በእግዚአብሔር አቅርቦት ላይ እታመናለሁ የሚል በመሆኑ፣ ዱቄቱን ገምግሞ ይህን ንግግር ሳይመዝኑ ማለፍ ሥራውን በግማሽ መተው ይሆናል።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ባለሱቋ በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ እናት ናቸው፤ ልጽፍ ማሰቤን ስነግራቸው «ስለ በርበሬው ጻፍ፤ ስማችንን ተወው አቦ፣ አሁን ያለው ደንበኛ ራሱ በዝቶብናል» ብለውኛል። ሱቁ ከፊት መሸጫ፣ ከኋላ ደግሞ ማከማቻና ጥላ ያለው ግቢ አለው። የራሳቸው ወፍጮ የላቸውም፤ በአቅራቢያው ወዳለ ወፍጮ ቤት ያስወስዳሉ፣ ፈጭቶ እስኪያልቅ ድረስም ከሠራተኞቻቸው አንዷ ከጎኑ ቆማ ትጠብቃለች።

ጥቅስ የተለጠፈበት ሱቅ ሳይ መጀመሪያ የሚሰማኝ ጥርጣሬ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። በዚህ ከተማ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚል ጽሑፍ በመስታወቱ ላይ ለጥፎ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሰው የሚጭን ባጃጅ ብዙ ነው። በሃይማኖት ስም መነገድ ደግሞ የአንድ ወገን በሽታ አይደለም፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ ከፈጣሪ ስም ሥር የተሰቀለ ሐሰተኛ ሚዛን አይጠፋም። የዚህ ሱቅ ደንበኞች ታዲያ ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። ወንዙን ተሻግረው ከመጋላ የሚመጡ ሙስሊም እናቶች በከረጢቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ሳይጨነቁ በርበሬያቸውን ገዝተው ይሄዳሉ። ለእኔ ይህ ከጥቅሱ ይልቅ የሚታመን ምስክር ነው።

ወደ በርበሬው ልግባ። ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀለም ግን ቶሎ የሚያታልል ነገር ነው። በተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ጡብ ዱቄትና ቀይ አፈር ተቀላቅሎ ተያዘ ሲባል በየጊዜው የምንሰማው፣ ባዕዱ ነገር ቀለሙን የሚያደምቅና ክብደቱንም የሚጨምር በመሆኑ ነው። ከዚህ ሱቅ የገዛሁትን በርበሬ በብርጭቆ ውኃ ላይ በማንኪያ በትኜ ባየሁት ጊዜ፣ ከሥር የዘቀጠው ጥቂት የተፈጨ ፍሬ ብቻ ነበር፤ በጣት መካከል ሲታሽም ሆነ ወጡ ሲበላ በጥርስ መካከል የሚንኮሻኮሽ ነገር የለውም። ቀለሙ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ቀይ ነው። ቁሌቱ ላይ ሲገባ የሚያስነጥስ ሹል ሽታ ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የኮረሪማና የነጭ ሽንኩርት ሽታ አለው።

ምክንያቱን በግቢው ውስጥ አየሁት። ዛላው የሚመጣው ከማረቆና ከአላባ ነው፤ በጭነት መኪና ረጅሙን መንገድ ተጉዞ፣ በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ቆላው ይደርሳል። ሁለት ወጣት ሴቶች በሰሌን ላይ ተቀምጠው ይቀነጥሱታል፤ እንጨቱ አብሮ ስለማይፈጭ ዱቄቱ ገለባ ገለባ አይልም። አንደኛዋ ከላይ ሲታይ ምንም እንከን የሌለበትን ደማቅ ዛላ አንሥታ በአውራ ጣቷ ከሰነጠቀችው በኋላ፣ ውስጡን ወደ ብርሃኑ አዙራ አሳየችኝ፤ ፍሬው ዙሪያ አመድ የመሰለ ሻጋታ ነበረበት። ምንም ሳትናገር ከጎኗ ወዳለው ባልዲ ወረወረችው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመፍጨትም ሆነ በማብሰል የሚጠፋ አይደለም፤ ስለዚህ ያ ባልዲ ለገዢው ከማንኛውም የከረጢት ጽሑፍ በላይ ዋስትናው ነው። ባልዲው ውስጥ የሚጣለው ሁሉ በገንዘብ የተገዛ፣ ከሌላው ጋር ቢፈጭም ማንም ሊያውቀው የማይችል ዕቃ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

ሽሮው ከሽምብራና ከአተር የተዘጋጀ ነው፤ ዋጋ ለማውረድ ባቄላ አያበዙበትም። ሚጥኑ በሶብላና ጥቁር አዝሙድ በርከት ያለበት በመሆኑ ለጾም ወጥ ይስማማል፣ ቅቤ ለሚያገባበት ሰው ግን ቅመሙ ሊበዛበት ይችላል። በሶው አዲስ በተፈጨ ጊዜ ለድሬዳዋ ሙቀት የሚሆን ምርጥ መጠጥ ነው፤ ከቆየ ግን መዓዛው ይጠፋል። ሚጥሚጣው ጨው ይበዛበታል።

ስለ ሚዛኑ ትንሽ ልቆይ። ሚዛኑ ዲጂታል ሲሆን ቁጥሩ ወደ ገዢው ዞሯል። ባለሱቋ ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የቆየ የብረት ኪሎ አውጥተው ይጭኑበታል፤ ቁጥሩ ልክ ካልመጣ ሽያጭ አይጀመርም። ከዚያም ባዶውን ከረጢት አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱታል። ወረቀቱ ቀላል ስለሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በዓመት ሲደመር ግን ኢምንት አይደለም፤ ይህን የሒሳብ ሰው በመሆኔ አውቀዋለሁ። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ሲናገር፣ ኦሪት ዘዳግምም በከረጢትህ ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ሲል፣ ነገሩ የሥነ ምግባር ምክር ብቻ አይመስለኝም። ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ጥቂት የሚሰርቅ ነጋዴ፣ እግዚአብሔር የሚሰጠኝ አይበቃኝም ብሎ ደምድሟል፤ የጎደለውን ራሱ ሊሞላ ተነሥቷል። ያ ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ስለ አቅርቦት ቢዘምር፣ ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ሌላ ሃይማኖት ይሰብካል። በዚህ ሱቅ ዝማሬውና ሚዛኑ አንድ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ዋጋ የሚተመንበት መንገድ ነው። ድሬዳዋ ጤፏንም በርበሬዋንም ከሩቅ የምታስመጣ ከተማ ናት፤ ከመሀል አገር የሚመጣው መንገድ በተስተጓጎለ ቁጥር የገበያው ዋጋ መኪናውን ቀድሞ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀፊራ ገበያ ላይ ነጋዴው አንድም ዋጋ ይጨምራል፣ አለዚያም «አልቋል» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃል። ይህች ሱቅ ግን በቀድሞው ዋጋ መሸጧን ትቀጥላለች። ባለሱቋ ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፦ «ይህን ዛላ የገዛሁት በመኸር ማግሥት፣ በርካሽ ነው። በውድ ስገዛ በውድ እሸጣለሁ። ሰው ሲጨነቅ ዋጋ ብጨምር፣ ጭንቀቱን ነው የሸጥኩለት» አሉኝ።

እንደ ሒሳብ ባለሙያ ይህን መከራከር ነበረብኝ፤ ተከራክሬያቸዋለሁም። አንድ ነጋዴ ዕቃውን በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከሸጠ፣ በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ያህል ዕቃ የሚተካበት ገንዘብ አይኖረውም፤ ካፒታሉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ይዘጋል። ቅንነት ብቻውን የጭነት ክፍያ አይከፍልም። እርሳቸው ግን መልስ ሳይሰጡ ከመሳቢያው አንድ ባለ መስመር ደብተር አወጡ። ገጹ በእርሳስ መስመር በሦስት ተከፍሏል፦ «ለዛላ»፣ «ለቤት»፣ «የሌላ ሰው»። ከእያንዳንዱ ቀን ሽያጭ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የዛላው ነው፤ በደኅናው ጊዜ ዋጋቸው ከቀፊራ ትንሽ ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው። የክፉ ቀኑን ልዩነት በደጉ ቀን ጥቂት በጥቂት ያጠራቅሙታል። በመኸር ማግሥት የሚገዙትም የዓመቱን ዛላ ነው።

በመታመንና በማጠራቀም መካከል ግጭት የሚያዩ ምእመናን ስላሉ፣ ነገሩን በጥቂቱ መመርመር ይገባል። በዘጸአት 16 መና ሲወርድ ለነገ ያስቀሩት ተልቷል፣ ሸትቷልም። በዘፍጥረት 41 ግን ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አንድ አምስተኛውን አስቀምጧል፤ ያም እህል ብዙ ነፍስ አድኗል። አንዱን ብቻ ይዘን ብንሄድ ወይ ጎተራ መሥራት ኀጢአት ይመስለናል፣ ወይ ጎተራውን አምላክ እናደርገዋለን። ሆኖም መናው ራሱ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ተሰብስቦ፣ ለሰንበት ሲቀመጥ አልተላም። ስለዚህ ክፋቱ ከማስቀመጡ ላይ አይደለም። እግዚአብሔር አስቀምጡ ባለ ጊዜ ማስቀመጥ መታዘዝ ነው፤ ነገ አይሰጠኝም ብሎ ከጎረቤት ድርሻ ላይ መሸሸግ ግን ሌላ ነገር ነው። ዮሴፍም ወንድሞቹ የሸጡትን ራሱን፣ ሕይወትን ለማዳን በእግዚአብሔር እንደተላከ ሰው ያያል እንጂ፣ ጎተራውን የሞላሁት በብልሃቴ ነው አይልም። የእግዚአብሔር ሉዓላዊነት የሰውን ክፋት እንኳ ወደ እንጀራ ሊመልሰው ከቻለ፣ ደብተር መያዝን የሚከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ፤ አንሥቼባቸዋለሁ። በዘፍጥረት 47 እንደምናነበው የዮሴፍ ጎተራ በመጨረሻ የግብፃውያንን ብር፣ ከብትና መሬት ሁሉ ለፈርዖን አስረክቧል። «እርሱን እኔም አልወደውም» ብለው ሳቁ፤ «ለዚህ ነው ሁለት ኪሎ ያልኩት።» ሁለት ኪሎ የሚሉት ዕጥረት ሲሆን ለአንድ ቤት የሚሸጡት ትልቁ መጠን ነው። ባለ ሆቴል ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጥቶ ኩንታል ቢጠይቅ ሁለት ኪሎውን ይዞ ይሄዳል። የመናው ሥርዓት ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (የጥንት መስፈሪያ) እንደነበር፣ ብዙ የሰበሰበ እንዳላተረፈ፣ ጥቂት የሰበሰበም እንዳልጎደለበት ይታወሳል። ጳውሎስ ይህንኑ ቃል በሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 የሚጠቅሰው በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ቅዱሳን መዋጮ ሲያሰባስብ ነው፤ በእርሱ አነጋገር የአንዱ መትረፍ የሌላውን መጉደል ይሞላል። ከሰማይ ይወርድ የነበረው አሁን በሰው እጅ በኩል ይመጣል ማለት ነው። መጽሐፈ ምሳሌም እህልን የሚያስቀር ሰው በሕዝብ ዘንድ የተረገመ መሆኑን፣ በረከትም በሚሸጠው ራስ ላይ መሆኑን ይናገራል፤ ስለ መግቦት በሚሰበኩ ስብከቶች ውስጥ ይህ ጥቅስ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

«የሌላ ሰው» የሚለው ሦስተኛው መደብ ገንዘብ ሳይይዝ ለሚመጣ ሰው የሚወጣው ነው። ከመደቡ ሥር መጠን እንጂ ስም አይጻፍም። ለምን እንደማይመዘግቡ ስጠይቃቸው «ስሙን ከጻፍኩት ዱቤ ይሆንበታል፤ ዱቤ ካለበት ደግሞ ሲቸግረው አይመጣም» አሉኝ። መደቡ ባዶ በሆነ ቀን ግን አይሰጡም፤ ይህንንም ያለ ኀፍረት ይናገራሉ። ለዛላው ከተለየው ገንዘብ ላይ አንሥቶ መስጠት፣ ጌታ ይተካዋል ከሚል ስሜት የመነጨ ቢሆንም፣ የሁለቱን ሠራተኞች ደመወዝ በቁማር እንደማስያዝ የሚቆጥሩት ይመስለኛል። ጌታ በፈተናው ጊዜ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል አምላክህን አትፈታተነው ብሎ የመለሰውን ባሰብኩ ቁጥር፣ በእምነት ስም ከጫፍ የሚወረወሩ ብዙ የንግድ ቤቶች ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ይህ ሱቅ ትእዛዝ ሲቀበል ቀን አይቆርጥም፤ «ጌታ ቢፈቅድ ሐሙስ ይደርሳል» ይላል። ለዐቢይ ጾም መግቢያ ያዘዝኩት ሽሮ እንዲሁ ጌታ ቢፈቅድ ሐሙስ ይደርሳል ከተባለ በኋላ፣ ጾሙ ገብቶ ሰንብቶ ነው የደረሰው። ምክንያቱ በወፍጮ ቤቱ መብራት መጥፋቱ ነበር፤ መብራት ማጥፋት የእርሳቸው ጥፋት አይደለም። ስልኬ በእጃቸው እያለ አለመደወላቸው ግን ጥፋታቸው ነው። በዚያ ሳምንት ቤቴ የገባው ሽሮ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛና ምን ያህል ባቄላ እንደነበረበት አልናገርም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 «ጌታ ቢፈቅድ» እንድንል ያስተማረው፣ ወደ አንድ ከተማ ሄደን ዓመት ተቀምጠን እንነግዳለን፣ እናተርፋለንም ለሚሉ ሰዎች ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፣ ለእርሱው የተነገረ ነው። የሚገሥጸው ግን ትዕቢትን ነው፤ ነገን በእጄ ይዣለሁ የሚለውን። የደንበኛን ቀጠሮ ከማክበር ነጻ አያወጣም። ጳውሎስ ራሱ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ጌታ ቢፈቅድ እመጣለሁ ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ የጉዞ ዕቅዱ ሲለወጥ ግን ጌታ አልፈቀደም ብሎ ዝም አላለም። በሁለተኛው መልእክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ለምን እንዳልመጣ ይገልጻል፣ ቃሉ አንድ ጊዜ አዎን አንድ ጊዜ አይደለም የሚባል እንዳልሆነም ይከራከራል። ሐዋርያው ስለ ቀረ ጉብኝት ያን ያህል ከጻፈ፣ ስለ ዘገየ ሽሮ አንድ ደቂቃ መደወል ይቻላል። ይህን ስነግራቸው ባለሱቋ አልተከራከሩኝም፤ ለሠራተኛዋም «የታዘዘ ነገር ከዘገየ ዋዜማው ላይ ይደወል» አሏት። እስካሁን ግን አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚደወል ከሌሎች ደንበኞች ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ከረጢቱ ነው። በግማሽ ኪሎው ከረጢት ላይ የታተመው ከፊልጵስዩስ 4 የተወሰደው፣ አምላኬ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል የሚለው ቃል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ብቻውን ተቆርጦ በሸቀጥ ላይ ሲለጠፍ ግን የዋስትና ወረቀት ይመስላል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። የጻፈላቸውም ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ የላኩለት፣ ከድህነታቸው የሰጡ የመቄዶንያ ምእመናን ናቸው። ከዚያ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎም መራብንም መጥገብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም እንደተማረ ይናገራል። ጥቅሱ ከዚህ ሁሉ ሲነጠል፣ ዘር ዝሩ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ እያሉ ከመበለት እጅ የመጨረሻዋን ብር ለሚቀበሉ ሰባኪዎች መሣሪያ ይሆናል።

ይህንን ስናገር ባለሱቋ ወደ ማከማቻው ወሰዱኝ። በዛላ ጆንያዎች መካከል፣ ገዢ በማያየው ግድግዳ ላይ፣ በእጅ የተጻፈ ሌላ ጥቅስ ተለጥፏል፦ ከዕንባቆም 3፣ በለስ ባታፈራ፣ እርሻዎችም መብልን ባይሰጡ፣ ላሞችም በበረት ውስጥ ባይገኙ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለው። «የእኔ ይሄ ነው» አሉ። «ታዲያ ከረጢቱ ላይ ለምን አልታተመም?» ብላቸው፣ «በለሱ ካላፈራ ማን ይገዛኛል ወንድሜ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። መልሱ ቢያስቀኝም አላሳመነኝም፤ ከረጢቱ ላይ መታተም የነበረበት ያኛው ነው የሚል አቋሜን አሁንም አልለወጥኩም።

ጥቅሱ ከየት እንደመጣ ግን ተረድቻለሁ። ሟች ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ይህች ከተማ ራሷ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በመድረሱ የተቆረቆረች ናት፤ ባቡሩ ወደ ሐረር አቀበቱን መውጣት ስላልቻለ ቆላው ላይ ቆመ፣ ከተማውም በዙሪያው አደገ። ለብዙ ቤተሰብ ባቡሩ ደመወዝ፣ ሕክምናና የልጆች ትምህርት ነበር። የቀድሞው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣቱን ሲያቆም እነዚያ ቤቶች ምን እንደሆኑ የከዚራ ሰው ሁሉ ያውቃል። እርሳቸው በርበሬ መቀንጠስ የጀመሩት ያኔ ነው። «ባቡሩን አምነን ነበር የምንኖረው፤ እግዚአብሔርን እናምናለን እያልን» ይላሉ። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ፤ የእርሳቸው ኑሮ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ መስመር ገብቶ ነበር።

ከዚያ የሚከብደው ስለ ጎርፉ የሚናገሩት ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ እርሳቸው ከወንዙ ራቅ ብለው ይኖሩ ስለነበር ተርፈዋል፤ በደረቁ ወንዝ ዳር የነበሩ ወዳጆቻቸው ግን ተወስደዋል። ከዚያ በኋላ በጸሎት ጉባኤ ላይ ወጥተው እግዚአብሔር እንዴት እንዳተረፋቸው እንዲመሰክሩ ቢጠየቁ እምቢ ብለዋል። «አመሰግነዋለሁ። ግን መድረክ ላይ ወጥቼ በእምነቴ ተረፍኩ ብል፣ የሞተችው ጓደኛዬ እምነት አልነበራትም ማለቴ ነው። ከእኔ በላይ ትጸልይ ነበር» አሉኝ። ጌታ በሉቃስ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሏል፤ ለምን እንደሞቱ ግን አላብራራም። በሉዓላዊነቱ ማመን ምክንያቱን አውቄአለሁ ማለት አይደለም። እርሳቸው ምክንያቱን ሳያውቁ ነው የሚታመኑት። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም የጓደኛቸው እናት በየወሩ በርበሬ ከዚህ ሱቅ ይወስዳሉ፤ «የሌላ ሰው» ከሚለው መደብ ሳይሆን «ለቤት» ከሚለው።

የሚቀረው እርማት ቀላል ነው። በከረጢቱ ላይ ጥቅስ አለ፣ ዱቄቱ የተፈጨበት ቀን ግን የለም። በድሬዳዋ ሙቀት ሚጥን ሽሮ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፣ ነቀዝም አይዘገይበትም፤ ገዢው ሳምንት የሞላውንና ሁለት ወር ያስቆጠረውን የሚለይበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ለነገ አትጨነቁ የሚለውን ቃል ያተመ ሱቅ፣ ትናንት የሆነውን ለደንበኛው መንገር አይከብደውም። አንዲት ማኅተም ትበቃለች።

ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች፦ ሱቁ እሁድ ሙሉ ቀን፣ ረቡዕ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለጸሎት ይዘጋል፤ በሌሎቹም ቀናት በቀትሩ ሙቀት ገርበብ ብሎ አሥር ሰዓት ገደማ እንደገና ይከፈታል። ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ። ለሠርግ፣ ለተዝካርም ሆነ ለጾም መግቢያ የምታዝዙ ከሆነ ከምትፈልጉበት ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ እዘዙ፣ በዋዜማውም ራሳችሁ ደውሉ። የሚፈጩት አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ስለሆነ በሶ የምትፈልጉ ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፤ ቤት እንደገባም ከወረቀቱ አውጥታችሁ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ገልብጡት። ሚጥሚጣ ግን ከሌላ ቦታ ግዙ።